ስለ አንድ ጥንታዊ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ የውስጥ ዕቃዎች አገጣጠም

አሮጌ መሣሪያ የሚፈታ ሰው ብዙ ነው፤ የፈታውን እንደ ነበረ መልሶ የሚገጥም ግን ጥቂት ነው። ለመፍታት ካቻቪቴ ይበቃል። ለመግጠም ግን እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሚሠራ፣ ሥራውንም መቼ እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የወሰድነው የአሜሪካው ኮልት ፋብሪካ በ1873 ያወጣውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው፤ የውስጥ ዕቃዎቹ ጥቂቶች፣ አሠራሩም ግልጽ ነውና። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ታሪኩ በአጭሩ

የፋብሪካው መሥራች ሳሙኤል ኮልት የሞተው በ1862 ስለ ሆነ ይህን ሽጉጥ አላየውም። በንድፉ ሥራ ዋናውን ድርሻ የያዘው ዊልያም ሜሰን ነበር። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1873 ተቀብሎት እስከ 1892 ድረስ ዋና ሽጉጡ አድርጎ ይዞታል። ፋብሪካው ሥራውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አቋርጦ በ1956 እንደገና ጀምሯል።

ለ. ዕቃዎቹና ሥራቸው

ጥይቶቹ የሚቀመጡበት ክብ ዕቃ ከበሮ ይባል። ስድስት ጉድጓዶች አሉት፤ በኋላው በኩል ስድስት ጥርሶች፣ በዙሪያውም ስድስት ትናንሽ ሥርጉዶች ተቀርጸውበታል። ከበሮውን የሚያዝዙት አራት ዕቃዎች ናቸው።

መዶሻው ጥይቱን የሚመታው ሲሆን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ይሳባል። በእግሩ ላይ ሦስት እርከኖች፣ በቀኝ ጎኑም አንዲት ትንሽ ጉብታ አሉት። ምላጩ በአፍንጫው እየገባ መዶሻውን በእርከኖቹ ላይ ይይዛል። ገፊው በመዶሻው ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ብረት ነው፤ መዶሻው ሲሳብ ወደ ላይ ወጥቶ የከበሮውን ጥርስ ይገፋል። ሁለት ጫፎች ስላሉት የላይኛው መዞሩን ይጀምራል፣ የታችኛው ይፈጽመዋል። ማቆሚያው ደግሞ ራሱን በከበሮው ሥርጉድ ውስጥ አስገብቶ ከበሮው እንዳይዞር ይቆልፈዋል።

እነዚህን የሚያንቀሳቅሱ ሦስት ሞላዎች አሉ። አንደኛው በገፊው ላይ የተተከለ እንደ ቅጠል የሳሳ ነው። ሁለተኛው ጫፉ እንደ ሁለት ጣት የተሰነጠቀ ሲሆን አንዱ ጣት ምላጩን፣ ሌላው ማቆሚያውን ይገፋል። ሦስተኛው ዋናው ሞላ ነው፤ እንደ መኪና ባሌስትራ ያለ ጠንካራ ብረት ሆኖ በእጀታው ውስጥ ተቀምጦ መዶሻውን ወደ ፊት ይወረውራል።

ሐ. በአንድ ስበት የሚፈጸመው ሥራ

መዶሻው ከታች እስከ ላይ ሲሳብ አራት ድምፅ ይሰማል። የመጀመሪያው ምላጩ በጥበቃው እርከን ሲገባ ነው። ይህ እርከን ብዙ ስለማይታመን የጥንት ተጠቃሚዎች አምስት ጥይት ብቻ አጉርሰው መዶሻውን በባዶው ጉድጓድ ላይ ያሳርፉ ነበር። ሁለተኛው ድምፅ የግማሽ እርከን ነው፤ በዚህ ጊዜ ጉብታዋ የማቆሚያውን ጭራ አንሥታ ራሱን ዝቅ ስለምታደርገው ከበሮው በእጅ ይዞራል። ጥይት የሚገባውም እዚህ ላይ፣ በቀኝ በኩል ባለችው ትንሽ በር ነው።

ስበቱ ሲቀጥል ገፊው ከበሮውን የዙሪያውን አንድ ስድስተኛ ያዞረዋል። ከዚያም የማቆሚያው ጭራ ከጉብታዋ ያመልጥና ራሱ በሞላው ኃይል ወደ ከበሮው ይዘላል፤ ይህ ሦስተኛው ድምፅ ነው። በመጨረሻ ምላጩ በሙሉው እርከን ሲገባ አራተኛው ይሰማል። በዚያች ቅጽበት ማቆሚያው በሥርጉዱ ውስጥ፣ ጉድጓዱም በአፈሙዙ ትይዩ መሆን አለባቸው። ጥቂት ቢዛነፉ እርሳሱ የአፈሙዙን ከንፈር እየላጨ ይገባል።

መ. አገጣጠሙ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ገና ከመፈታቱ በፊት፣ መዶሻውን በግማሽ እርከን አቁሞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ስድስቱም ጉድጓዶች ባዶ መሆናቸውን አንድ በአንድ ማየት ይገባል። ሥራውም ለዕቃው ኃላፊ በሆነ ሰው ፈቃድ ይሁን።

አገጣጠሙ አንድ ሕግ አለው፤ ደካማው ኃይል አስቀድሞ፣ ብርቱው በመጨረሻ ይገባል። በመጀመሪያ ገፊው በመዶሻው ላይ ተሰክቶ ሁለቱ አብረው ወደ አካሉ ይገባሉ። ያቺ የሳሳች ሞላ እዚህ ላይ በቀላሉ ትሰበራለችና ገፊው መንገዱን እስኪያገኝ በጣት ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። መዶሻው በብሎኑ ከታሰረ በኋላ ምላጩና ማቆሚያው በየብሎናቸው ይታሰራሉ። ቀጥሎ ባለ ሁለት ጣቱ ሞላ ይገባል፤ እያንዳንዱ ጣት በራሱ ዕቃ ላይ ማረፉን በዓይን ማረጋገጥ ነው።

እዚህ ደርሶ ማቆም ብልህነት ነው። ዋናው ሞላ ስላልገባ መዶሻው ያለ ድካም በጣት ይንቀሳቀሳል። ቀስ ብለው ቢስቡት የማቆሚያው ራስ በአካሉ መስኮት ሲወርድና ተመልሶ ሲወጣ ይታያል። ስሕተት ካለ የሚገኘው አሁን ነው፤ ዋናው ሞላ ከገባ በኋላ ግን ያው ስሕተት የመቶ ዓመት ዕቃ ይሰብራል።

ከዚህ በኋላ የምላጩ ከለላ ይታሰራል፤ ዋናው ሞላም ጫፉ ከመዶሻው ትንሽ መሽከርከሪያ ሥር ሆኖ በብሎኑ ይጠብቃል። ቀጥሎ የእጀታው እንጨትና የኋላ ብረቱ ይገባሉ። በመጨረሻ መዶሻው በግማሽ እርከን ቆሞ ከበሮው ይገባና ዘንጉ ይሰካል። ብሎኖቹ አንድ ይምሰሉ እንጂ ርዝመታቸው ስለሚለያይ፣ ሲፈቱ እያንዳንዱን ቀዳዳው በተጻፈበት ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ብዙ ድካም ያድናል። አልገባ ያለውን ዕቃ በጉልበት መግፋትም አይገባም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ በፊት የገባው ቦታውን እንዳልያዘ ምልክት ነውና።

ሠ. ከዕቃው የሚነበበው

በትክክል የተገጠመ ሽጉጥ ስለ ራሱ ይመሰክራል። በከበሮው ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጭረት ከታየ ማቆሚያው ጊዜውን ሳይጠብቅ ወደ ከበሮው ሲዘል ኖሯል ማለት ነው። መዶሻው ሙሉውን እርከን ይዞ ከበሮው ገና ቦታውን ካልደረሰ ደግሞ ገፊው ወይም ጥርሱ በልቷል። እንዲህ ያለው ጉዳት መሣሪያው ብዙ መሥራቱን ወይም ያላዋቂ እጅ ነክቶት ማለፉን ያሳያል።

ከዚህም በላይ የፋብሪካው ተራ ቁጥር በአካሉ ሥር፣ በምላጩ ከለላና በኋላ ብረቱ ላይ ተቀርጿል። በጦር ሠራዊቱ ሽጉጦች እንጨት ላይም የመርማሪው ሹም ማኅተም ይገኛል። ሁለት ሽጉጦች በአንድ ገበታ ላይ ተፈትተው ዕቃቸው ቢደባለቅ ሁለቱም ምናልባት ይሠሩ ይሆናል፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን ሁለት ምስክሮች ጠፍተዋል። ዝገት ለማስለቀቅ ተብሎ በሸካራ ወረቀት የሚፈገፈግ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ የቤተ መዘክር ሠራተኛ ሥራ ሽጉጡ እንዲተኩስ ማድረግ አይደለም። ሥራው እያንዳንዱ ዕቃ በተሠራበት ቦታ እንዲያርፍና የተጻፈበትን እንደ ያዘ እንዲቆይ ማድረግ ነው። አራቱ ድምፆች በተራቸው ሲሰሙ፣ ቁጥሮቹም እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ሥራው ተፈጸመ ይባላል።