«ካይንድሊ» ሲባል ደግነቱ የማን ነው?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥታችሁ ሰበታ ስትደርሱ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ ስትገቡ፣ ወይም እንጦጦን ተሻግራችሁ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ስትወርዱ አንድ የሚመሳሰል ነገር ታያላችሁ። በዋናው መንገድ ዳር «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። በበራቸውም ላይ የትምህርት ማስረጃቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ተራ የሚጠብቁ ወጣት ሴቶች አይጠፉም።

እነዚህ ሦስት ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ሲሆኑ፣ በውስጣቸውና በዙሪያቸው ብዙ ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች ይገኛሉ። የድርጅቱ ኃላፊ የውጭ አገር ሰው ከሆነ ማመልከቻው በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በማመልከቻው ላይም ከማይጠፉት ቃላት አንዱ «ካይንድሊ» ነው። ጸሐፊው ማንም ሳይጠይቀው ይጨምረዋል፤ አመልካቿም «በትህትና ማለት ነው» ብላ ትቀበለዋለች። ዛሬ የምንወያየው ስለዚህች አንዲት ቃል ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም እንጀራን የሚነካ ስለሆነ በትዕግሥት ተከታተሉኝ።

ሰበታ ላይ ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ አንዲት ልጅ ማመልከቻዋን እንዳነብላት ሰጠችኝ። የመጀመሪያው መስመር «አይ ካይንድሊ ሪኩዌስት» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃት፣ «በትህትና እጠይቃለሁ» አለችኝ። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «በትህትና እጠይቃለሁ» ስንል ትህትናው የጠያቂው ነው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ መቅረቡን ይገልጻል። «ካይንድሊ» ግን «በደግነት» ማለት ነው። በልመና ጊዜ ደግነት የሚጠበቀው ደግሞ ከተለማኙ እንጂ ከለማኙ አይደለም። ስለዚህ «ዉድ ዩ ካይንድሊ» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ «ደግ ሆነው ቢያደርጉልኝ» እንደማለት ነውና ቃሉ በቦታው ውሏል። «አይ ካይንድሊ ሪኩዌስት» ሲባል ግን «እኔ በደግነቴ እጠይቅዎታለሁ» የሚል ይሆናል። ሥራ የምትለምነው ልጅ ሳታውቀው ራሷን አመስግና አረፈችው ማለት ነው!

እውነቱን ለመናገር ይህ አነጋገር በሕንድና በብዙ የአፍሪካ አገሮች መሥሪያ ቤቶች የተለመደ ስለሆነ አንባቢው ሐሳቡን አይስተውም። ሆኖም ቋንቋውን አጥርቶ ለሚያውቅ ሰው ጆሮ ይቆረቁራል። የጠያቂውን አክብሮት ለመግለጽ የተሠራው ቃል «ሪስፔክትፉሊ» ነው። ለሥራ ማመልከቻ ግን ይህም የግድ አያስፈልግም። «አይ ዉድ ላይክ ቱ አፕላይ» ማለት፣ ማለትም «ለማመልከት እወዳለሁ» ብሎ መጀመር ጨዋም ነው፣ በቂም ነው።

ስሕተቱ ከምን መጣ ቢባል ከእኛ ስንፍና ሳይሆን ከቋንቋዎቹ ጠባይ ነው። በአማርኛ አክብሮት በግሡ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። «ስጠኝ»፣ «ስጪኝ»፣ «ይስጡኝ» ስንል ማን ማንን እንደሚያነጋግር ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ «እባክዎ»፣ «እስኪ»፣ «በሞቴ» እንጨምራለን። በእነዚህ ከተሞች በሰፊው የሚነገረው አፋን ኦሮሞም «ማሎ» የሚል የልመና ቃል፣ ለታላቅ ሰውም «ኢሲን» የሚል የአክብሮት መጠሪያ አለው። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሚኒስትሩም ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ነው። በመሆኑም አክብሮቱን የሚሸከሙት እንደ «ዉድ»፣ «ኩድ» እና «ፕሊዝ» ያሉ ትንንሽ ቃላት ናቸው። እኛም «እርስዎ» የሚለውን የሚተካ ቃል ስንፈልግ «ካይንድሊ»ን እናገኝና በየመስመሩ እንበትነዋለን።

የቃሉ ሁለተኛ ጠባይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሱሉልታ ውስጥ ያገኘኋት አንዲት የሕፃን ልጅ እናት የደረሰባትን አጫውታኛለች። በምትሠራበት ድርጅት ሠራተኞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲቆዩ «ካይንድሊ» የሚጠይቅ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሥራ ጓደኛዋ «እባካችሁ ይላል» ብላ ተረጎመችላት። እርሷም፣ «እባካችሁ ከተባለማ አልችልም ማለት ይቻላል» ብላ ልጇን ለማጥባት ወደ ቤቷ ሄደች። ሰኞ ጠዋት የጠበቃት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር።

እህቶቼ! ከበላይ ወደ በታች ሲወርድ «ካይንድሊ» ማር የተቀባ ትእዛዝ ነው። በእኛም ዘንድ «በትህትና እናሳስባለን» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ አለቃው እየለመነን ነው ብሎ የሚያስብ የለም። እንዲያውም በእንግሊዝኛ «ካይንድሊ ሊቭ» ማለት «ውጡልኝ» ከማለት ብዙም አይርቅም። በዚህ የተነሣ እኛም ለአለቃ ስንጽፍ ቃሉን ከትእዛዝ ግሥ ፊት ብቻውን መደንቀር አይገባንም። «ካይንድሊ ሳይን» ማለት በጨዋ ቃል አለቃን ማዘዝ ነው። «ዉድ ዩ ካይንድሊ ሳይን» ሲባል ግን ጥያቄ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ማስታወቂያው ለሰለሰም ጠነከረም የሠራተኛዋን መብትና ግዴታ የሚወስነው ሕጉ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚሠራው አዋጁ ለዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ሲሆን፣ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ደግሞ በትርፍ ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲወጣ ዝም ብሎ ከመሄድ ትእዛዝ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ፣ የማይቻልበትንም ምክንያት አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ ይበጃል።

ሦስተኛው ነገር የገጠመኝ ቡራዩ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ጥያቄዋ ለምን እንደተመለሰባት ግራ ገብቷት ደብዳቤዋን አሳየችኝ። በአንድ ገጽ ውስጥ «ካይንድሊ» ሦስት ጊዜ ተጽፏል። የምትወልድበት ግምታዊ ቀን፣ ፈቃዱ ከመቼ እንደሚጀምር፣ የሐኪም ማስረጃ መያያዙ ግን የትም አልተጠቀሰም። ጨዋነቱ ሞልቶ ጉዳዩ ጎድሏል!

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ የደብዳቤው ድምፅ ነው። ይህች እህት የምትለምነው ችሮታ መስሏታል። በዚያው አዋጅ መሠረት ግን ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ በድምሩ 120 ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይገባታል። በሕግ የተሰጠንን ስንጠይቅ የማንንም ደግነት መለመን አያሻንም። ቀኑን ጽፎ፣ ማስረጃውን አያይዞ፣ «የወሊድ ፈቃዴን ከዚህ ቀን ጀምሮ እንድወስድ አመለክታለሁ» ማለት ድፍረት አይደለም። መጨረሻ ላይ ምስጋና ከታከለበት ትህትናውም ተሟላ ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩን እናጠቃልል። «ካይንድሊ»ን የምንጠቀመው በራሳችን ላይ ሳይሆን በምንጠይቀው ሰው ላይ ይሁን። «ፕሊዝ» ካለበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንደግመው። ከአንድ ደብዳቤም አንድ ጊዜ ይበቃል። ከበላይ ሲመጣብን እንደ ልመና አንየው። መብታችንን ስንጠይቅም ቃሉን ትተን ጉዳዩን በግልጽ እናስፍር። ለጸሐፊው የምንከፍለው የራሳችንን ገንዘብ ነውና፣ ከመፈረማችን በፊት እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚል እንዲነግረን መጠየቅም ነውር አይደለም።

ያቺ የሰበታዋ ልጅ ማመልከቻዋን እንደገና አስጻፈች። ርዝመቱ ወደ ግማሽ ወረደ፤ የተማረችው ሙያና ሥራ ልትጀምር የምትችልበት ቀን ግን ከላይ ጎልተው ታዩ። ወረቀቱን አጥፋ ስትነሣ፣ «አሁን እኔ የጻፍኩት መሰለኝ» አለችኝ። «ሰውን ማክበር ራስን ማስከበር ነው» ይባል የለ? እኛም ሌላውን ስናከብር ራሳችንን አንርሳ።