የጅራፍ ጩኸትና የስንፈተ ወሲብ ሕክምና

በቡሄ ሰሞን በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ የጎጃም ደጋማ መንደሮች የእረኞች ጅራፍ ሲጮኽ የምንሰማው ድምፅ፣ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ገመዱ ራሱን ሲመታ የሚወጣ አይደለም። ጅራፍ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ከክንድ የተነሣው ጉልበት ይበልጥ ቀላል ወደሆነው ክፍል ይተላለፋል፤ ፍጥነቱም እየጨመረ ሄዶ ጫፉ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ የሚጓዘውን ድምፅ ይቀድማል። ከፊቱ ያለው አየር ገለል ለማለት ጊዜ ስለማያገኝ ግፊቱ በቅጽበት ያሻቅባል። ይህን የፊዚክስ ሰዎች ሾክዌቭ ይሉታል። (ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለው ተረት ስለ ፍትሕ እንጂ ስለ ፊዚክስ ስላልሆነ አንነካውም።)

ይኸው ሞገድ ዛሬ ስንፈተ ወሲብን ያለ ቀዶ ሕክምና ለማከም ይሞከራል። ጉዳዩ በአደባባይ የሚነገር ባለመሆኑ ሕመሙ ያለበት ሰው መፍትሔውን በምስጢር ይፈልጋል፤ በምስጢር የሚገዛ ነገር ደግሞ ጠያቂ የለውም። ስለዚህ እኛ እንጠይቅ፤ በሾክዌቭ ስም የሚሸጠው ሁሉ እውን ሾክዌቭ ነውን?

ሞገዱ ወደ ሕክምና የገባው በአውሮፕላን በኩል ነው። ዶርኒየር የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ፣ ከድምፅ ፈጥኖ የሚበር አውሮፕላን ከዝናብ ጠብታ ጋር ሲጋጭ በአካሉ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያጠና ነበር። ከዚህ ጥናት በተገኘው ዕውቀት ሐኪሙ ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ውስጥ የአንድ በሽተኛን የኩላሊት ጠጠር ሰውነቱን ሳይቀዱ ሰባበሩ።

ወደ ስንፈተ ወሲብ ስንመለስ፣ የወንድ ብልት የሚቆመው ደም ገብቶ ሲሞላውና መውጫው ሲጠብ ነው። ወደ ብልት ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። በፑዋዜይ ሕግ መሠረት በቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን ከቧንቧው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል፤ ሬዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ደም ውኃ አይደለም፣ የደም ሥርም እንደ ብረት ቧንቧ ግትር አይደለም፤ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም ትምባሆ የደም ሥሮችን ሲጎዳ ችግሩ በጠባቦቹ ቀድሞ ሊታወቅ ይችላል። ስንፈተ ወሲብ የልብ ሕመም ከመከሰቱ ከዓመታት በፊት የሚታይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መተት ነው የተባለውም ሆነ ጸበል የሚጠመቀው ሰው የደም ስኳሩንና የደም ግፊቱን ማስለካት ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ዮራም ቫርዲና ባልደረቦቹ ሃይፋ ውስጥ በ20 ወንዶች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ኃይሉ ጠጠር ከሚሰብረው እጅግ ያነሰ፣ በካሬ ሚሊ ሜትር 0.09 ሚሊ ጁል ነበር፤ በአንድ ቀጠሮ 1,500 ምት፣ በጠቅላላው 12 ቀጠሮ። አብዛኞቹ ተሻላቸው። ሙከራው ግን ትንሽና ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማነጻጸሪያ ያላቸው ጥናቶች ተደርገዋል፤ ውጤታቸው የተለያየ ነው። የአሜሪካ ዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ሕክምናውን ገና በምርምር ላይ ያለ ብሎታል። የወጣቶችን ስንፈት በብዛት የሚያመጣውን ጭንቀት ደግሞ ሞገዱ አያክመውም።

አሁን ወደ መሣሪያው። በፊዚዮቴራፒ ክፍሎች ለተረከዝና ለትከሻ ሕመም የሚያገለግለው ራዲያል የተባለው መሣሪያ በብዙ ቦታ ሾክዌቭ ተብሎ ይጠራል። አሠራሩን እንመልከት። የታመቀ አየር በቱቦ ውስጥ ያለችን ትንሽ ብረት ገፍቶ ከመሣሪያው ጫፍ ጋር ያጋጫታል። የብረቷ ፍጥነት በሰከንድ ጥቂት አሥር ሜትሮች ቢሆን ነው፤ ድምፅ በሰውነታችን ሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ የአየር ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ እውነተኛው የሕክምና ሾክዌቭ በናኖ ሰከንዶች ውስጥ የዚህን ከመቶ እጥፍ በላይ ይደርሳል፣ በሚፈለገው ጥልቀትም ላይ ይሰበሰባል። የራዲያሉ ግፊት ግን ዝግ ብሎ የሚነሣ፣ ቆዳ ላይ የሚበረታ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚበተን ነው። የእረኛው ጅራፍ በአየር ውስጥ የሚሠራውን ይህ መሣሪያ በሥጋ ውስጥ አይሠራውም! ለተረከዝ ሊጠቅም ይችላል፤ በሌላኛው መሣሪያ የተገኘን ውጤት በስሙ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

መሣሪያ የማይጠይቀው የፊዚዮቴራፒ ሕክምና የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ልምምድ ነው። እነዚህ ጡንቻዎች ሲኮማተሩ በቆመ ብልት ውስጥ ያለውን ግፊት ከደም ግፊት በላይ ከፍ ያደርጉታል፣ ደሙም እንዳይወጣ ይረዳሉ። ግሬስ ዶሬይና ባልደረቦቿ እንግሊዝ አገር በ55 ወንዶች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከመቶ 40ዎቹ ወደ ጤናማ ሁኔታቸው ተመልሰዋል፤ ከመቶ 35 የሚሆኑት ደግሞ ተሽሏቸዋል። ልምምዱ ሽንትን ወይም ፈስን ለመያዝ እንደሚደረገው ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው፤ ትንፋሽ አይያዝም፣ መቀመጫና ጭን አይወጠሩም። ቆሞም፣ ተቀምጦም፣ ተኝቶም በየቀኑ ይደረጋል፤ ለውጡም የሚጠበቀው በቀናት ሳይሆን በወራት ነው።