የመብራት ሠራተኛ የእጅ ዋጋ እንዴት ይተመናል?

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ በሚገኙ የፋርጣ ቀበሌዎች ብዙ ቤት በባሕር ዛፍ ቆሞ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። እንዲህ ባለው ቤት የመብራት መሥመር በወጉ ካልተዘረጋ እሳት ይነሣል፤ ሰው ይሞታል። ታዲያ መብራት ለማስገባት ስንዋዋል «ስንት ትቀንስልኛለህ?» እንላለን እንጂ ዋጋው ከምን ከምን እንደመጣ አንጠይቅም። እኛ ተማሪዎች ሒሳቡን በወረቀት አስፍረነዋል፤ አብረን እንመልከተው።

ዋጋ የሚቆረጥባቸው ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው የቀን ሒሳብ ነው። ሥራው ከተጓተተ ወጪው የባለቤቱ ነው። ያረጀ መሥመር ሲጠገን ግን የሥራው ልክ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ይህ ይሻላል።

ሁለተኛው በነጥብ መዋዋል ነው። ነጥብ የሚባለው አንድ አምፖል ወይም አንድ ሶኬት የሚገባበት ቦታ ነው። ቆጥሮ ማባዛት ብቻ ስለሆነ ለሁለቱም ወገን ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ቁርጥ ዋጋ ነው። ሥራው በሙሉ በአንድ ዋጋ ይያዛል። ሥራው ከታሰበው በላይ ቢከብድ ጉዳቱ የሠራተኛው ነው።

ለምሳሌ አራት አምፖልና አራት ሶኬት፣ በድምሩ 8 ነጥብ ያለው ቤት እንውሰድ። ለስሌት እንዲመች የአንዱ ነጥብ የእጅ ዋጋ 300 ብር ነው እንበል። 8 ጊዜ 300፣ 2,400 ብር ይሆናል። ባለቤቱ «ይህን ሁሉ ብር!» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሥራው ባለሙያውንና ረዳቱን 3 ቀን ይፈጅባቸዋል። ለረዳቱ በቀን 400 ብር ሲከፈል 1,200 ይወጣል። ለመኪናና ለመሣሪያ 300 ብር እንያዝ። ለባለሙያው የሚቀረው 900 ብር፣ በቀን 300 ብር ነው። እንግዲህ ባለሙያው ከረዳቱ ያነሰ አገኘ ማለት አይደል? ደግሞም ክረምት ሲገባ በጉና ዙሪያ ግንባታ ይቀዘቅዛል፤ ሥራ ለሚያጣባቸውም ቀኖች የሚበላው ከዚሁ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ወጪን መደመር፣ ከዚያ በነጥቡ ቁጥር ማካፈል ይገባል። ለባለሙያው በቀን 700 ብር ካልን 2,100፣ ለረዳቱ 1,200፣ ለመኪናና ለመሣሪያ 300፣ ድምሩ 3,600 ብር ነው። ለ8 ሲካፈል የአንዱ ነጥብ 450 ብር ይሆናል። የዕቃው ዋጋ ለብቻው ይያዛል።

ዋጋው ያለልክ ሲወርድ ጉድለቱ የሚሸፈነው በማይታየው ነገር ሊሆን ይችላል። ገመዱ ይቀጥናል፤ ግራውንድ የሚባለው ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ይቀራል። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ቢሰካ ገመዱ ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ ማገሩም ይያያዛል። ለዚህ ነው የምጣድ መሥመር ለብቻው የሚዘረጋው፣ ለብቻውም የሚተመነው።

በተቋራጭ ሥር ተቀጥሮ ለሚሠራ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አለለት። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ በቀን ከተሠራ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5፣ በሌሊት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። ሥራው ሳይጀመር የነጥቡን ቁጥር፣ የገመዱን ውፍረት፣ የእጅ ዋጋውንና የክፍያውን ቀን በወረቀት አስፍረን ሁለታችንም እንፈርም።

መልመጃ፦ 10 ነጥብ ያለው ቤት 4 ቀን ይፈጃል። ለባለሙያው በቀን 700 ብር፣ ለረዳቱ 400 ብር፣ ለመኪናና ለመሣሪያ በጠቅላላው 300 ብር ይያዝ። የአንዱ ነጥብ የእጅ ዋጋ ስንት ይሆናል?