የሶቶግራንዴ ሣርና የነጋዴ ሒሳብ

ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚመለስበትን መንገድ ማስላቱ የተገባ ነው። ነገር ግን በራሱ ብዙ ትርፍ ሳያስገኝ የሌላውን ዕቃ ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ወጪም አለ። የዚህን ወጪ ጥቅምም ሆነ ዕዳ በግልጥ ከሚያሳዩት አንዱ በእስፓኝ ደቡብ ጠረፍ የሚገኘው የሶቶግራንዴ የጎልፍ ሜዳ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሶቶግራንዴ በካዲዝ አውራጃ፣ የጓዲያሮ ወንዝ ከሜዲቴራኒያን ባሕር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ከጅብራልታር ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ቀድሞ የእርሻ መሬትና ለጠርሙስ መክደኛ የሚሆን ቡሽ የሚላጥባቸው ዛፎች የሚበቅሉበት አገር ነበር። በ1962 ጆሴፍ ማክሚኪንግ የተባለ በማኒላ የተወለደ ነጋዴ በዚህ ስፍራ የመዝናኛ መንደር ለማቋቋም ተነሣ። ይህ ሰው ቀደም ሲል በፊሊፒን አገር፣ በአያላ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ማካቲን ወደ ከተማነት ለማድረስ የደከመ ስለ ነበረ፣ መሬት ዋጋ የሚያገኘው በምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ሌላው ቢሆን ቤት ሠርቶ ገዢ ይጠብቅ ነበር። ማክሚኪንግ ግን ሮበርት ትሬንት ጆንስ የተባለውን ታዋቂ አሜሪካዊ የጎልፍ ሜዳ ነዳፊ አስመጥቶ ሜዳውን አሠራ፤ በ1964ም ተከፈተ። ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ በ18 ጉድጓዶች በተራ የሚያስገቡበት፣ በጥቂት ምት የጨረሰው የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ሜዳው በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ የሚበልጥ መሬት ይይዛል። ይህን ያህል መሬት ቤት ሳይሠሩበት በሣር ማልበስ ለጊዜው ኪሳራ ይመስላል። ዳሩ ግን ቤት የሚገዛው ሰው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን በመስኮቱ የሚያየውንም ጭምር ስለሚገዛ፣ ከሣሩ ዳር ያለው ቦታ ዋጋው ከፍ ይላል። ደግሞም ባሕር እንግዳ የሚጠራው ሙቀት ሲበረታ ነው፤ ጎልፍ ግን የሰሜን አውሮፓ ሰው ከብርድ በሚሸሽበት ወራት እንግዳ ስለሚያመጣ ሆቴሉም፣ ምግብ ቤቱም፣ ታክሲውም ሥራ አይፈታም።

በ1974 ያው ነዳፊ በአቅራቢያው ሌላ ሜዳ ሠራ። ይህን ሜዳ በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በቆርቆሮ ማዕድን ንግድ ከታወቀው የቦሊቪያ ቤተ ሰብ የተወለደው ሃይሜ ኦርቲዝ ፓቲኞ ከወዳጆቹ ጋር ገዛውና ቫልደራማ ተባለ። በሚገባም ስለ ተያዘ፣ ከ1927 ጀምሮ ከብሪታንያና ከአሜሪካ ወጥቶ የማያውቀው የራይደር ዋንጫ ውድድር በ1997 በዚያ ተደረገ። ከባድ ዝናብ መጀመሪያውን ቢያዘገየውም ጨዋታው ቀጥሎ አውሮፓ በ14½ ለ13½ ነጥብ አሸነፈ።

እስከዚህ ያለው የትርፉ ዓምድ ነው። የዕዳው ዓምድ ውሃ ነው። በዚያ አገር ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ዝናብ እምብዛም አይጥልም፤ አንድ የጎልፍ ሜዳ ደግሞ በዓመት በመቶ ሺህ ሜትር ኩብ የሚቈጠር ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ያንኑ ውሃ ገበሬውም ከተሜውም ይፈልገዋል። ስለዚህ የአንዳሉሲያ መንግሥት በ2008 ባወጣው ድንጋጌ የጎልፍ ሜዳዎች ተጣርቶ የተመለሰ የፍሳሽ ውሃ ለመስኖ እንዲጠቀሙ ደነገገ። በ2023 እና በ2024 ድርቅ በበረታ ጊዜ ጥንቃቄው አላስፈላጊ እንዳልነበረ ታየ።

ይህን ሳነብ በምሠራበት ንግድ ቤት የሆነው ትዝ አለኝ። አሠሪዬ ጭቃ የሞላበትን የመደብሩን ደጃፍ በድንጋይ አስነጠፉ። እኔም ወጪውን በመዝገብ ስጽፍ ከንቱ ጥፋት መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቈይቶ ግን በዝናብ ጊዜ ወደ ሌላ ይሄድ የነበረው ደንበኛ ወደ እኛ መጣ። ዳሩ ግን ከፍ ካለው ደጃፋችን የተመለሰው ጐርፍ ጐረቤታችን መጋዘን ገብቶ ስኳራቸውን አረጠበ። እሳቸውም መጥተው፣ «ወንድሜ፣ የእርስዎ ደጅ የደረቀው በእኔ ስኳር ነው» አሏቸው። አሠሪዬ አልተከራከሩም፤ የረጠበውን ስኳር ከፈሉ፣ ቦይም አስቈፈሩ። የቦዩን ዋጋ ከንጣፉ ዋጋ ሥር ስጽፍ የሁለቱ ድምር ብቻ ትክክለኛው ወጪ እንደ ሆነ ተረዳሁ።

እንግዲህ ደጃፉን የሚያሳምር ነጋዴ ይመስገን። ነገር ግን ሒሳቡን ከመዝጋቱ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቅ።