ከምጣድ የሚተርፍ ሙቀት

ሐምሌና ነሐሴ በደጋ ይከብዳሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ፀሐይ ስትጠፋ ልብስ አይደርቅም፤ ቤትም አይሞቅም።

እኛ ግን እንጀራ በጋገርን ቁጥር ሙቀት ይተርፈናል። የሸክላ ምጣድና የምድጃ ጭቃ የጠጡትን ሙቀት ቶሎ አይለቁም። ስለዚህ መጋገሩን ወደ ማታ እናድርገው። እሳቱ ሲጠፋ እርጥቡን ልብስ ከምድጃው አጠገብ በገመድ እንስቀል። ቀድመን ከሰቀልነው ጢስ ይጠጣል፤ የጢስ ሽታ ደግሞ ከጋቢ አይለቅም! የነገውንም እንጨት በዙሪያው እንደርድር። የደረቀ እንጨት ጢሱ ጥቂት ነው።

አደጋው ፍሙ ነው። ፍም በገል ዝቀው፣ በር ዘግተው የሚተኙ አሉ። ፍም ጢስ ባይኖረውም መርዝ ያወጣል። መርዙ አይታይም፤ አይሸትም። ራስ ይፈልጣል፤ ያዞራል፤ የተኛውን ሳያነቃ ይገድላል።

ፍሙን ደጅ አውጥተን በውኃ እናጥፋ። ምድጃው ላይ ውኃ ብናፈስ ትኩሱ ሸክላ ይሰነጠቃል። ፍም ባለበት ቤት ራሱን ያመመው ሰው ካለ፣ በሩን ከፍታችሁ ቶሎ ወደ ደጅ አውጡት።