የቁንዶ በርበሬ ወደብ

ቁንዶ በርበሬን የማያውቅ ቤት የለም። ታዲያ ለዚህች ትንሽ ጥቁር ፍሬ ሲባል ባሕር እንደ ተቋረጠ፣ ጦርም እንደ ተማዘዙ ታውቃላችሁ?

ነገሩ የሆነው በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ክፍለ ሀገር፣ ኮቺ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። እስቲ ዛሬ በሐሳባችን አንድ ባልና ሚስት ተከትለን ኮቺን እንጎብኝ።

ሁለቱም ሸምግለዋል። በተራራው አገር ቁንዶ በርበሬ ያመርታሉ። ፍሬው የሚሄድበትን ወደብ ግን አይተውት አያውቁም። ለሁለት ቀን በአውቶቡስ ወረዱ። ባልየው ማንበብ አይችልም። ሚስትየው በጎልማሳነቷ ተምራለች።

መጀመሪያ ባሕሩ ዳር ሄዱ። እዚያ የቻይና መረብ የሚባል ትልቅ የዓሣ ማጥመጃ አለ። መረቡ በረጃጅም እንጨቶች ላይ ተንጠልጥሏል። በወዲያኛው ጫፍ ከባድ ድንጋዮች ታስረዋል። ሰዎች ገመዱን ሲስቡ ድንጋዮቹ ይወርዳሉ፤ መረቡም ከውሃው ይወጣል። አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። አራትም ከዚያም በላይ ሆነው ይስቡታል። ልክ እንደኛ ደቦ ነው።

ቀጥለው ወደ ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ባልየው የመቃብር ድንጋይ አየ።

«ይኼ ደግሞ የማን ነው?» አለ።

ሚስትየው ጽሑፉን ቀስ ብላ አነበበች። «የቫስኮ ዳ ጋማ ነው። የፖርቱጋል መርከበኛ ነበር። በ1524 እዚሁ ኮቺ ሞተ። በ1539 ዐፅሙን ወደ አገሩ ወሰዱት።»

«እንዴ! ታዲያ መቃብሩ ባዶ ነዋ!»

«አዎ፣ ባዶ ነው።»

ዳ ጋማ ሕንድ የደረሰው በ1498 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከፖርቱጋሎች በኋላ በ1663 ሆላንዶች ኮቺን ያዙ። በ1795 ደግሞ እንግሊዞች ያዟት። ከቅመሙ ንግድ ብዙ ሀብት አፈሱ። ሕንድ ነፃ የወጣችው በ1947 ነው።

በማግስቱ የማታንቸሪን ቤተ መንግሥት ጎበኙ። ፖርቱጋሎች ለኮቺ ንጉሥ ያሠሩት ነው። በግድግዳው ላይ የራማያና ታሪክ ተሥሏል። ባልየው ታሪኩን ከልጅነቱ ሲሰማ ነው ያደገው።

«እዚህስ እኔ ላንብብልሽ» አለና ሥዕሉን አንድ በአንድ አስረዳት።

ሲመለሱ በአውቶቡሱ ውስጥ ባልየው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ አውራ ጣቱን አየ።

«ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ጣት ፈረምኩ!» አለ። «ነጋዴው የጻፈው ኪሎ ስንት እንደሆነ ሳላውቅ። ቤት ስንገባ ፊደል አሳዪኝ።»

«አሁን ነው እንዴ? አርጅተሃል እኮ!» ብላ ሳቀችበት። ማታውኑ ግን አስጀመረችው።

ውድ አንባቢያን፣ ኮቺ ያለችበት የኤርናኩላም አውራጃ ራሱ በትምህርት ዘመቻ የታወቀ ነው። በ1989 ወደ 20,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ጎልማሶችን ለማስተማር ወጡ። አውራጃው በ1990 ከሕንድ አውራጃዎች ሁሉ ቀድሞ መሃይምነትን እንዳጠፋ ታወጀለት። በ1991 ኬረላ በሙሉ ተከተለ።

ትልቁን መረብ አንድ ሰው አያነሣውም ብለናል። ይኸም እንደዚያው ነው። ይህን ያነበባችሁ፣ ዛሬ ማታ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ነገ ደግሞ አንድ ፊደል አሳዩት።