ምጣድ የራሱ መስመር ይኑረው

በቡሬና በአካባቢዋ ማድ ቤትን ከመኖሪያው ለይቶ በጓሮ መሥራት የቆየ ልማድ ነው፤ ጢሱንም እሳቱንም ከመኝታ ለማራቅ ነውና። ዛሬ ግን ማገዶው በኤሌክትሪክ በተተካበት ቤት እሳቱ በሽቦው ውስጥ መግባቱን ብዙዎቻችን ልብ አንልም።

ሒሳቡን እንመልከት። የእንጀራ ምጣድ እንደ አሠራሩ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,500 ዋት በአገራችን ኃይል በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ነው። የ2,000 ዋት ውሃ ማፍያ 9 አምፔር ይጨምራል። በበዓል ዋዜማ እንጀራው ሲጋገር፥ ወጡ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲሠራ፥ ውሃውም ሲፈላ፥ ሁሉ ከአንድ ሶኬት ቢስብ ሽቦው ይግላል፥ ልባሱ ይቀልጣል፥ የጣራው እንጨትም ይያያዛል። ፊውዙ ሲቃጠል ወፍራም ሽቦ መተካት ደግሞ ዘበኛን አስሮ በርን እንደ መክፈት ነው።

ስለዚህ ምጣዱ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ማከፋፈያ ሳጥን የሚነሣ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ሽቦው ከ4 ካሬ ሚሊ ሜትር የማያንስ መዳብ፥ ማቋረጫውም ባለ 20 አምፔር ይሁን። ግቢው ሰፊ ከሆነ ሽቦው ከዚህም ይወፍር። ምድጃውና ማፍያው በሌላ መስመር ይሥሩ። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦም ከቶ አይቅር፤ ሊጥ የነካ እጅ የምጣዱን ብረት ሲይዝ፥ የሾለከውን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርደው እርሱ ነው።

አዲስ መስመር ለመዘርጋት አቅም እስኪገኝ ድረስ ምጣዱ ሲበራ ሌላው ይጥፋ። ሥራውንም የተማረ ባለሙያ ይሥራው፤ ለሽቦ የሚወጣው ገንዘብ ከቤትና ከልጅ አይበልጥምና።